መንገዳችን ወንዝ ገባ፦ የአንዲት የአዳማ ባለሱቅ ተሞክሮ

ከሱቄ ደጃፍ እስከ ወንዙ አፋፍ ድሮ 23 እርምጃ ነበር። ዛሬ ጠዋት ስቆጥረው 11 ነው። የቀረው 12 እርምጃ ከነኮብልስቶኑ፣ ከነመብራት ፖሉ፣ ጎረቤቴ ጀበናዋን ከምትጥድበት የግራር ጥላ ጋር ታች ቦዩ ውስጥ ነው። ማማረሩን ሦስት ዓመት አማርሬ ጨርሻለሁ። አሁን የምጽፈው ገና ስንጥቅ ማየት ለጀመረ ሰፈር ነው፤ እኛ የሳትነውን እንዳይስት። ቢሮውንም ሰዎቹንም በስም አልጠራም። ጉዳዬ አሁንም እነሱ ዘንድ ነው፣ ደግሞም እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር የማንን ስም እንደምጠራም ግራ ይገባኛል።

አዳማን ለማያውቅ ሰው «ወንዝ» ስል ውሃ ያለው ነገር ይመስለዋል። እኛ ወንዝ የምንለው በዓመት ዘጠኙን ወር ደረቅ የሆነ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ፍየል የሚውልበት፣ ሲመሽ ቆሻሻ የሚደፋበት ገደል ነው። ከተማችን ሳህን ላይ እንደተቀመጠች ናት፤ ዙሪያዋን ሸንተረር ከቧታል። ክረምት ሲገባ ከላይ የዘነበው ሁሉ ወደ እኛ ይወርዳል። ሰፈራችን ጠብ ሳይል፣ ፀሐይ እየሞቅን ቁጭ ባልንበት ጎርፍ የመጣብን ቀን አለ። የነፋስ ተርባይኖቹ ከተተከሉ ወዲህ ጎረቤቴ አንድ ዘዴ አግኝታለች፤ ተርባይኖቹ ደመና ውስጥ ገብተው ካልታዩ የተሰጣውን በርበሬ ታነሳለች። ከሚቲዎሮሎጂው ትንበያ የእሷን አምናለሁ።

ነገሩ የጀመረው በብይ ነው። ግንቦት 2014 አንድ የሰፈር ልጅ እያለቀሰ መጣና «እትዬ፣ ብዬን መንገዱ ዋጠው» አለኝ። ወጥቼ አየሁ። ከወንዙ ጋር ትይዩ ሆኖ በኮብልስቶኑ መካከል ጣት የማያስገባ ስንጥቅ ሄዷል፤ ርዝመቱ ከሱቄ ማዕዘን እስከ ፖሉ ይደርሳል። ሽቦ አጥፌ ብዩን ላወጣ ሞከርኩ። ሽቦው ክንዴን ያህል ገባ እንጂ የሚነካው ነገር አላገኘም። ሳቅኩኝ፣ ለልጁ ከረሜላ ሰጠሁት፣ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ስህተቴ ይህ ነው። ሽቦ ክንድ ሙሉ የሚገባበት መንገድ መንገድ አይደለም፤ ድልድይ ነው፣ ያውም ማንም ያልሠራው።

ነገሩን የተረዳው ዕድሜውን በመንገድ ሥራ ጨርሶ ጡረታ የወጣ ጎረቤታችን ነው። ሰፈሩ «ጋሼ ፎርማን» ይለዋል። ጠዋት ጠዋት እኔ ጋ ሻይ ይጠጣል። ስንጥቁን ሲያይ ምንም አልተናገረም፤ ቤቱ ሄዶ ቁራጭ ፌሮ ይዞ መጣና ከሱቄ በር ጀምሮ እየመታ ወደ ወንዙ ሄደ። መጀመሪያ ድምፁ «ጠቅ፣ ጠቅ» ነበር። ስንጥቁን እንዳለፈ «ድም፣ ድም» ማለት ጀመረ፣ ከበሮ እንደሚመታ።

«ልጄ፣ ይህ መንገድ ሆዱ ባዶ ነው» አለኝ።

ያስረዳኝን ባጭሩ ልጻፈው፤ ለማንም ወንዝ ዳር ለሚኖር ሰው ይጠቅማል። ጎርፍ መንገድን ከላይ አይበላም፣ ከእግሩ ነው የሚበላው። ወንዝ በሚታጠፍበት ቦታ ውሃው የሚጋጨው በውጪው በኩል ካለው ዳር ጋር ነው፤ እኛ ያለነው እዚያ ነው። አፈራችን ደግሞ የድሮ እሳተ ገሞራ የተወው አመድማ አፈር ነው፣ በውስጡ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ድንጋይ አለበት። ደረቅ ሲሆን እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሲርስ ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚሟሟው ይሟሟል። መንገዱን ደግፎ የነበረው የድንጋይ ግንብ ሲሠራ መሠረቱ የወንዙ ወለል ላይ ነው የተቀመጠው። ወለሉ ዝቅ ባለ ጊዜ ግንቡ እግሩ አየር ላይ ቀረ። ከሥሩ አፈሩ ወጣ፣ ከላይ ያለው ኮብልስቶን ግን ተያይዞ ስለተነጠፈ ወዲያው አልወደቀም። ለዚህ ነው ላዩ ደህና የሚመስለው። ወለሉ ለምን ዝቅ እንዳለ በኋላ እመለስበታለሁ፤ እሱ ነገር ለሰፈራችን አያኮራም።

ያን ዕለት ጋሼ ሁለት ባለ 10 ሚስማር አስቆጥሮኝ፣ አንዱን ከስንጥቁ ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ፣ በድንጋዮቹ መካከል መታቸው። ከዚያ «በየእሑዱ ከዚህ አናት እስከዚያ አናት ለኪ፣ ጻፊ» አለኝ። የት እጽፋለሁ? ያለኝ የዱቤ ደብተር ነው። የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩና እንደማንኛውም ባለዕዳ ስሙን ከላይ ጻፍኩለት፤ «ወንዙ» ብዬ። የመጀመሪያው ልክ 21 ሴንቲ ሜትር ነው። እስከ ሰኔ መጨረሻ 21 ነበር። ነሐሴ ውስጥ 22 ሆነ፣ መስከረም 23። በጋውን ሙሉ ዝም አለ። ያ ዝምታ ነው ያዘናጋን።

ይህ ደብተር በኋላ ከየትኛውም ማመልከቻ የበለጠ ጠቀመኝ። ቢሮ ገብቶ «መንገዱ እየተሰነጠቀ ነው» ማለትና «ሚስማሩ በአራት ወር ሁለት ሴንቲ ሄዷል» ማለት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ስሞታ ነው፣ ሁለተኛውን መሐንዲሱ ራሱ ቀና ብሎ ያደምጠዋል። ፎቶም ስታነሡ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ አንሡ፤ አጠገቡ ሁሉም ሰው መጠኑን የሚያውቀው ነገር አድርጉ። እኔ የለስላሳ ጠርሙስ አቆም ነበር። የጠርሙሱ አንገት ስንጥቁ ውስጥ የገባበት ፎቶ ከመቶ ቃል በላይ ተናግሮልኛል። አፋፉ ጫፍ ላይ ቆሞ ማንሳት ግን አይሞከርም። ሆዱ ባዶ የሆነ መንገድ ሰው ሲቆምበት ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

አሁን ወደ ቢሮው። መጀመሪያ በቃል ነው የተናገርነው፣ ቀበሌ ሄደን። ስሙ ከተቀየረ ቆይቷል፣ እኛ ግን አሁንም ቀበሌ ነው የምንለው። «ይታወቃል፣ ዕቅድ ውስጥ ገብቷል» ተባልን። ደስ ብሎን ተመለስን። «ዕቅድ ውስጥ ገብቷል» የሚለው ቃል ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር፤ ሰማይ ነው፣ ስንቱ ገብቶበታል።

ቀጥለን በጽሑፍ ለማድረግ ወሰንን። እዚህ ላይ ለአዳማ ሰው የማይጠፋ ነገር ልበል፦ የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። የእኔ አፋን ኦሮሞ የገበያ ነው። ሽንኩርት ያስቀንሳል፣ ማመልከቻ ግን አያጽፍም። የጎረቤት ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ቁጭ ብላ ጻፈችልን። በአማርኛ ብንጽፈውም ይቀበሉን ይሆናል፤ ግን አንድ ቀን ማስተርጎሚያ፣ አንድ ቀን መመለሻ እየሆነ ይጓተታል። ተቀባዩ በሚሠራበት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አያድርም። ከ40 በላይ አባወራና እማወራ ፈረመበት፤ ፊርማ የሰበሰብነው በዕድር ቀን ነው። ሌላ ቀን ይህን ያህል ሰው አንድ ቦታ አታገኙም።

ከዚያ ያጠፋሁት ጥፋት ዛሬም ያንገበግበኛል። ደብዳቤውን ይዤ ሄድኩ፣ አንድ ትሁት ሰው ተቀበለኝ፣ «እህቴ፣ እኔ ራሴ አደርስልሻለሁ» አለኝ፣ መሳቢያው ውስጥ አስገባው፣ አመስግኜ ወጣሁ። ከሁለት ወር በኋላ ስጠይቅ ሰውየው ተዛውሯል። መሳቢያው አለ፣ ደብዳቤው የለም። «ቁጥሩን አምጪ» አሉኝ። የምን ቁጥር?

ደብዳቤ በሰው እጅ አይሰጥም፣ በመዝገብ ቤት ነው የሚገባው። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱን ያስቀራሉ፣ በሁለተኛው ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን አስመትታችሁ ወደ ቤት ትወስዱታላችሁ። ከታች «ግልባጭ» ብላችሁ ሌሎቹን የሚመለከታቸውን ዘርዝሩ፤ ለእያንዳንዳቸውም በየመዝገብ ቤታቸው አስገቡ። አንዱ ቢሮ ሌላው እንዳወቀ ሲያይ ወረቀቱን መጣል ያስፈራዋል። እኛ ይህን የጀመርነው መንገዱ ከወደቀ በኋላ ነው።

የወደቀው ሐምሌ 2015 ነው፣ ሌሊት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ተርባይኖቹ አልታዩም ነበር። እኔ ሱቅ ውስጥ ነው የማድረው። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ የውሃ አይደለም፣ የድንጋይ ነው፤ ወለሉ ላይ ትልልቅ ድንጋይ ሲንከባለል እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ይሰማል። ከዚያ ሽታ መጣ፣ የአፈርና የቆሻሻ ሽታ። ባትሪ ይዤ በሩን ስከፍት ውሃው ከቦዩ ውስጥ ብቻ ሳይሆን መንገዱ ላይም እየሄደ ነው። ከላይ ያለው ጎርፉ የሚያልፍበት ቱቦ ተደፍኗል። በነጋታው ከአፉ ያወጣነው ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ የመኪና ጎማና አንድ ሙሉ የስፖንጅ ፍራሽ ነው። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ዞሮ ከግንቡ ጀርባ ገባ። ግንብ ደግሞ ከኋላው ያለውን አፈር ይደግፋል እንጂ ከኋላው የታቆረ ውሃ ሲጨመርበት አይችልም፤ ለዚያ ነበር የውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች የተተዉለት፣ እነሱም በአፈር ተደፍነው ነበር።

ሲወድቅ ያን ያህል አልጮኸም። እንደ ትልቅ ትንፋሽ ነው። ሚስማሮቹን ባበራሁ ጊዜ ወዲህኛው አለ፣ ወዲያኛው የለም።

ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ፖሉ ግን ሽቦ ተንጠልጥሎ ወደ ወንዙ አጋድሏል። በ905 ደወልን፣ ከመንጋቱ በፊት መጥተው መስመሩን ቆረጡ፤ እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ ከምንም በፊት ይህን ስልክ ደውሉ፣ ልጆችን ከዚያ አርቁ። የውሃ ቧንቧውም ተበጥሶ ለሁለት ሳምንት በጋሪ ከሌላ ሰፈር ጀሪካን ስናስጭን ከረምን። የለስላሳ መኪና መምጣት አቆመ፣ ባጃጅ መታጠፊያው ላይ ያወርዳል። ከሁሉ የከበደኝ ግን በዚያው ወር ሰፈራችን ውስጥ አንድ አዛውንት አርፈው፣ የዕድሩን ድንኳን፣ አግዳሚና ድስት የጫነው መኪና መግባት አቅቶት፣ ወንዶቹ አስከሬኑን በትከሻ በሌላው ሰፈር ዞረው ያወጡበት ቀን ነው። ያን ቀን ማንም ስለ ቢሮ አላወራም። ማታ ግን የዕድሩ ዳኛ ደብተሬን አስመጣና ጮክ ብሎ አነበበው፤ 21፣ 22፣ 23...

ከዚያ በኋላ የገባንበትን ዙር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። መንገዱ የአንዱ ነው፣ ወንዙ የሌላው፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ቆሻሻ የሦስተኛው፣ ቧንቧው የአራተኛው። አንዱ ጋ ስትሄዱ «እኛ መንገዱን እንሠራለን፣ መጀመሪያ ወንዙ ይያዝልን» ይላል። ወንዙ ጋ ስትሄዱ «መንገዱን የሠራው ሳይጠይቀን ነው»። ሁለቱም ውሸታቸውን አይደለም፤ የሚያናድደው ይኸው ነው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ኃላፊው ፊልድ ወጥተዋል፣ ነገ ኑ። ሱቄን ዘግቼ የተመላለስኩበትን ቀን ደብተሬ ላይ ቆጥሬዋለሁ፤ እሱንም «ወንዙ» ዕዳ ውስጥ አስገብቼበታለሁ።

ቋጠሮውን የፈታልን «የርክክብ ሰነድ» የሚባል ወረቀት ነው። ኮብልስቶኑ ሲሠራ እኛም በየቤታችን አዋጥተን ነበር። በሕዝብ ተሳትፎ የተሠራ መንገድ ሲያልቅ ማን ተረከበ? የተረከበው ነው የመጠገን ግዴታ ያለበት። ያን ወረቀት ስናገኝ ፈርሞ የተረከበው ቢሮ «የእኛ አይደለም» ማለት አልቻለም። ሌላም ነገር ከዚያው ተማርን፦ የሥራ ተቋራጭ ጊዜያዊ ርክክብ ካደረገ በኋላ እስከ መጨረሻው ርክክብ ድረስ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት፣ የታየውን ጉድለት በራሱ ወጪ ያስተካክላል። የእኛ ያ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። የእናንተ ገና ካላለፈ ግን ስንጥቅ ባያችሁ ሳምንት በጽሑፍ አስገቡ፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ ወጪው ወደ በጀት ይዞራል።

በጀት ካልኩ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የሰማሁት ትልቁ ቁም ነገር አንድ ወጣት ባለሙያ ኮሪደር ላይ በሹክሹክታ የነገረኝ ነው። «እህቴ፣ ሁልጊዜ የምትመጡት ሐምሌ ላይ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሰኔ ላይ ስትመጡ ገንዘቡ አልቋል፣ ሐምሌ ላይ ስትመጡ ገና አልተለቀቀም። የዓመቱ ዕቅድ ደግሞ ቀድሞ በጋውን ነው የሚሰበሰበው፤ ያኔ አንድም ሰው አይመጣም፣ ወንዙ ደረቅ ነዋ።» ቁጭ ብዬ አሰብኩት። እውነቱን ነው። ጎርፉ የሚመጣው በሁለቱ በጀቶች ስንጥቅ ውስጥ ነው። እኛም የምንጮኸው ስንረጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ በ2016 ጥር ላይ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት፣ ማንም ስለ ጎርፍ በማያስብበት ሰዓት፣ አምስት ሆነን ደብተር፣ ፎቶና ባለማኅተም ቅጂ ይዘን ገባን። ጸሐፊዋ ግራ ገብቷት «ምን ሆናችሁ?» አለችን። «ገና አልሆንንም» አላት ጋሼ።

በዚያው ሰሞን ሌላም ነገር ሞከርኩ። ዐዋጅ ቁጥር 590/2000 የሚባል አለ። ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል፤ ለምን ፈለግሽው ተብሎም አይጠየቅም። ጥያቄው ለሕዝብ ግንኙነቱ ይቀርባል፣ ቢበዛ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው። እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ባለፈው ዓመት ከክረምት በፊት የእኛ ቱቦና ቦይ ጥረጋ ዕቅድ ውስጥ ነበር ወይ፣ ከነበረስ ተሠርቷል ወይ? ጥያቄያችሁን እንዲህ አጥብቡት። «ስለ መንገዳችን መረጃ ስጡን» ካላችሁ የሚሰጣችሁ ንግግር ነው።

መልሱ በ26ኛው ቀን መጣ። ሠንጠረዥ ነው። የእኛ ቦይ ስም አለበት። ትይዩው «ተከናውኗል» ይላል፤ ግንቦት 2015።

ፍራሹን ከቱቦው አፍ ያወጣነው ሐምሌ ነው። ስፖንጁ ላይ ሣር በቅሎበት ነበር።

ወረቀቱን ይዤ መጮህ እችል ነበር፤ የሰፈሩ ወጣቶችም ያን ነበር የፈለጉት። ጋሼ ነው የከለከለን። «ሪፖርት ያሳሳተ ሰው ይፈራል፣ የፈራ ሰው ደግሞ ወይ ይሸሻል ወይ ይሠራል። መሸሺያውን አትዝጉ፣ ግን የሚሠራበትን በር ክፈቱለት» አለ። ከወረቀቱ ጋር የፍራሹን ፎቶ አያይዘን፣ ማንንም ሳንከስ፣ «ምናልባት በስህተት ሌላ ቦይ ተጠርጎ ከሆነ የእኛ እንዲጠረግልን» ብለን ጻፍን። በሳምንቱ ሎደር መጣ። ይህ ባይሆን ኖሮ ቀጣዩ ደረጃችን የሕዝብ እንባ ጠባቂ ነበር። አስተዳደራዊ በደል ደረሰብኝ የሚል ሰው አቤቱታውን በቃልም በጽሑፍም ማቅረብ ይችላል፣ አገልግሎቱም በነፃ ነው፤ ግን መጀመሪያ ለቢሮው ራሱ አመልክታችሁ ያላችሁን ባለማኅተም ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ።

መንገዱ ግን ቱቦ በመጥረግ አይመለስም። የመጀመሪያው «ጥገና» መስከረም 2016 ላይ ነበር። ሦስት ሲኖ ትራክ ገረጋንቲ አምጥተው የተናደው ላይ ገለበጡት፣ በሎደር ዳመጡት፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ። ጋሼ ሻዩን ይዞ ቆሞ አየና «ለወንዙ ቁርስ አመጡለት» አለ። በተከታዩ ክረምት በመጀመሪያው ጎርፍ ሄደ። እግሩ ያልተያዘ ነገር ላይ አፈር መድፋት ገንዘብ መድፋት ነው። ማንም እንዲህ ሊሠራላችሁ ሲመጣ ከመገልበጡ በፊት ኮሚቴያችሁ በጽሑፍ ይጠይቅ፦ ከሥሩ ምን ይደረጋል?

እኛም ስንጠብቅ እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም፤ ደህናም ደደብም ነገር ሠርተናል። ከደደቡ ልጀምር። የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ አምጥተን አፋፉ ላይ ደፋን። ውሃው ከእሱ ጋር ተጋጭቶ ወደ ማዶ ዞረና የማዶዎቹን አጥር ወሰደ። ዱላ ቀረሽ ጠብ ሆነ፣ ልክ ነበሩ። ከደህናው ደግሞ ማዳበሪያ ነው። ከእህል ነጋዴ ባዶ ማዳበሪያ ሰብስበን አሸዋ ሞላን፤ ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት፣ ሁለት ሦስተኛው ይበቃል፣ ካልሆነ እንደ ኳስ ይንከባለላል እንጂ እርስ በርሱ አይያያዝም። አፉን ወደ ታች አጥፋችሁ፣ እንደ ብሎኬት አንዱን በሁለቱ መጋጠሚያ ላይ ደርድሩ። ፀሐይ ስለሚበላው ከአንድ ክረምት በላይ አትጠብቁበት። አፋፉ ላይ የዝሆን ሣር ተከልን፤ ባሕር ዛፍ የመከሩንም ነበሩ፣ ጋሼ ግን ነፋስ የሚወዘውዘው ረጅም ዛፍ አፋፉን ይነቀንቀዋል ብሎ እምቢ አለ።

ሰው የማይገምተው ደግሞ የቱቦ ስፋት ነገር ነው። ከላይ ያለው ቱቦ ባለ 60 ሴንቲ ነው። ባለ 1 ሜትር ቢሆን የአፉ ስፋት ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ሁለት እጥፍ እንኳ የማይሞላ ነበር የመሰለኝ፤ ጋሼ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ሒሳቡን ሠርቶ አሳየኝ። ይህንንም ማመልከቻው ውስጥ አስገባነው፣ ገና መልስ አላገኘም።

ጋቢዮኑ የመጣው ግንቦት 2017 ነው፤ ጥር 2016 ያስገባነው ወረቀት በመጨረሻ ዕቅድ ውስጥ ገብቶ፣ ይህ «ዕቅድ» እውነተኛው ነው። 2 ሜትር በ1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ የሽቦ ሳጥን ነው፣ ድንጋይ ይሞላበታል። ሠራተኞቹ ጎበዞች ነበሩ፣ ግን በመጀመሪያው ቀን ሳጥኑን ያው እንደ ድሮው ግንብ ወለሉ ላይ ሊያስቀምጡት ዘረጉት። ጋሼ በ70 ዓመቱ ከዘራውን ይዞ ወረደና የተዘረጋው ሽቦ ላይ ተቀመጠ።

«አባት፣ ይነሡልን እንጂ፣ ሥራ ላይ ነን» አለው ፎርማኑ።

«እኔም ሥራ ላይ ነኝ» አለ። «አንድ ሜትር ውረዱና እነሣላችኋለሁ።»

ፎርማኑ ሳቀ፣ ስልክ ደወለ፣ መሐንዲሱ መጣ። ሥዕሉ ተገለጠ፤ ሥዕሉ ላይ ለካ አንድ ሜትር ይወርዳል። ቆፈሩ። ከጋቢዮኑ ጀርባ መግባት ያለበት ጨርቅም ነበር፣ ጂኦቴክስታይል የሚሉት፤ ያለ እሱ የእኛ አመድ አፈር በድንጋዮቹ መካከል እየተንጠፈጠፈ ያልቃል። መጀመሪያ አልመጣም ነበር፣ ከአራት ቀን በኋላ መጣ። ሥራ ሲጀመርላችሁ ሥዕሉን ለማየት ጠይቁ። ማንበብ ባትችሉ እንኳ ማየት የሚፈልግ ሰው መኖሩ ብቻ አንድ ሜትር ያስቆፍራል።

ገንዘቡ የበቃው ለግማሹ ርዝመት ነው። ስለዚህ ዛሬ ባጃጅ ይገባል፣ ጋሪ ይገባል፣ የለስላሳ መኪና አይገባም። የዘንድሮው ክረምት ከመግባቱ በፊት ሱቄ ፊት ለፊት አዲስ ሁለት ሚስማር መትቻለሁ፤ 30 ሴንቲ ነበር፣ ባለፈው እሑድም 30 ነው። ጋቢዮኑ ባለቀበት፣ ከግራሩ ጉቶ ማዶ ያሉት ሚስማሮች ግን 31 ተኩል ሆነዋል።

ወለሉ ለምን ዝቅ አለ? አሸዋ ነው። ጎርፉ ባመጣው አሸዋ ላይ ሌሊት አይሱዙ ይወርዳል፣ ልጆች በአካፋ ይጭናሉ። በየዓመቱ ትንሽ፣ በየዓመቱ ትንሽ። የሰፈራችን ቤቶች ልስን ከየት የመጣ ይመስላችኋል? የእኔም ሱቅ ወለል በእሱ ነው የተለሰነው፤ ርካሽ ነበር፣ ደጃፍ ድረስም ያመጡታል። ይህን ለቢሮው በጻፍናቸው ማመልከቻዎች ውስጥ አንድም ጊዜ አልጻፍነውም።

ባለፈው ሐሙስ ሌሊት የመኪና ሞተር ቀሰቀሰኝ። ባትሪ ይዤ ወጣሁ። አይሱዙው ከአዲሱ ጋቢዮን አጠገብ ቆሟል፣ አካፋው ይሰማል። «ለማነው?» አልኳቸው። ልጁ የጠራልኝ ስም የኮሚቴያችን አባል ነው፤ ማመልከቻው ላይ ሦስተኛው ፊርማ የእሱ ነው። ጠዋት ሱቄ መጣ፣ ዳቦ ገዛ፣ ስለ ሌሊቱ ምንም አላለኝም። እኔም ሒሳቡን ተቀብዬ ደብተሩን ገለጥኩና «ወንዙ» የሚለው ገጽ ላይ፣ ከሚስማሩ ልክ በታች፣ «አንድ አይሱዙ» ብዬ እያየኝ ጻፍኩ።